አምስቱን ቋሚዎች አጥቶ 38 ጨዋታ አለመሸነፍ፦ የሳውዝ ካሮላይና የ2023-24 ቡድን እንዴት ቻለው?

ጉለሌ_ጋርድ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁም። የአሜሪካ የሴቶች ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ የምትከታተሉ ሰዎች እዚህ እንዳላችሁ አውቃለሁና እስቲ አስረዱኝ።

እ.ኤ.አ. በ2022-23 ሳውዝ ካሮላይና 36 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ ዳላስ ላይ ለግማሽ ፍጻሜ ሲቀርብ በአይዋ 77 ለ 73 ተሸነፈ። ኬትሊን ክላርክ ብቻዋን 41 ነጥብ አስቆጠረች። ከዚያ በኋላ አምስቱም ቋሚ ተሰላፊዎች ጨርሰው ወጡ። በቀጣዩ ዓመት ቡድኑ ይዳከማል ሲባል 38 ጨዋታ ተጫውቶ 38ቱንም አሸነፈ፤ ክሊቭላንድ ላይ ያንኑ አይዋን 87 ለ 75 ረትቶ ዋንጫውን ወሰደ።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከአንዱ ዓመት ወደ ሌላው ሜዳው ላይ የተለወጠው ነገር በትክክል ምንድን ነው? ሁለተኛ፣ አሰልጣኝ ዶውን ስቴሊ ዘጠኝ አሥር ልጅ እያፈራረቁ ቡድኑ ሳይዘበራረቅባቸው እንዴት አጫወቱ? 12 ልጆች ላሉት የትምህርት ቤት የሴቶች ቡድን የሚሆን ነገር ካለው በዝርዝር ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። "ጥሩ ተጫዋቾች ስለነበሯቸው ነው" የሚለው መልስ አይበቃኝም።


ሰሌዳ_አንባቢ

ጥሩ ጥያቄ ነው። "አምስቱም ሄዱ" የሚለው እውነት ቢሆንም ሙሉውን አያሳይም፤ ከእሱ ልጀምር።

የሄዱት ቋሚዎች አሊያ ቦስተን፣ ዛያ ኩክ፣ ብሪያ ቢል፣ ቪክቶሪያ ሳክስተንና ኪዬራ ፍሌቸር ናቸው። ከመቀመጫ እየተነሣች ትገባ የነበረችው ላቲሺያ አሚሄርም አብራ ወጥታለች። በ2023 የደብሊው ኤን ቢ ኤ (የአሜሪካ የሴቶች ፕሮፌሽናል ሊግ) አዲስ ተጫዋቾች ምርጫ ከዚህ አንድ ቡድን አምስት ልጆች ተወስደዋል፤ ቦስተን 1ኛ፣ አሚሄር 8ኛ፣ ኩክ 10ኛ ሆነው።

ግን የቀሩትን ተመልከት። ብራዚላዊቷ ካሚላ ካርዶሶ፣ 2.01 ሜትር፣ በ2022-23 ከመቀመጫ እየተነሣች ተጫውታ ቡድኑ የሚጫወትበት የኤስኢሲ ሊግ ምርጥ ተቀያሪ ተብላለች። ሬቨን ጆንሰን፣ ብሪ ሆል፣ ሳኒያ ፊጊንና አሽሊን ዋትኪንስም እዚያው ነበሩ። ክሎይ ኪትስ በዓመቱ አጋማሽ ተቀላቅላለች። እነዚህ ልጆች ዓመቱን ሙሉ በየልምምዱ የሚጋፉት ከቦስተንና ከሳክስተን ጋር ነበር። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጣች ዋና ተጫዋች አንዲት ብቻ ናት፦ ከኦሪገን የመጣችው ቴ-ሂና ፓኦፓኦ። ከሁለተኛ ደረጃ ደግሞ ሚላይዥያ ፉልዊሊና ቴሳ ጆንሰን ገቡ። ስለዚህ ቋሚ አምስቱ ሬቨን ጆንሰን፣ ፓኦፓኦ፣ ሆል፣ ኪትስና ካርዶሶ ሲሆኑ፣ ከአምስቱ አራቱ የአሰልጣኟን አሠራር አስቀድመው ያውቁ ነበር።

ሌላ መታየት ያለበት ቁጥር፦ የቡድኑ ከፍተኛ ነጥብ አስቆጣሪ ካርዶሶ በጨዋታ በአማካይ 14.4 ነጥብ ነበራት። በዚያው ዓመት ክላርክ 31.6 ነበረች። እንዲህ ያለ ቡድን የሚገጥመው አሰልጣኝ ማንን እንደሚዘጋ ይጨነቃል፤ አንዷን ሁለት ሆነው ቢይዟት ሌላዋ ታስቆጥራለችና።

38ቱ ጨዋታ እንዲህ ይከፈላል፦ 29 መደበኛ፣ 3 የሊጉ ጥሎ ማለፍ፣ 6 ብሔራዊው ውድድር። የመጀመሪያው ኅዳር ላይ ፓሪስ ውስጥ ከኖትርዳም ጋር ሲሆን 100 ለ 71 አልቋል። እኔ ያንን ውጤት ሳይ ነው "ይህ ቡድን አልፈረሰም" ያልኩት።


ከመስመር_ውጭ

የመጀመሪያውን ጥያቄ ልመልስ። ለእኔ የሁለቱ ዓመታት ልዩነት በአንድ ቦታ ይጠቃለላል፦ ከሦስት ነጥብ መስመር ውጭ ያለች ተጫዋች ክፍት ስትተው ምን ታደርጋለች?

በ2023ቱ ግማሽ ፍጻሜ አይዋ ያደረገው ቀላል ነገር ነው። ረጃጅሞቹን ለማስቆም ተከላካዮቹን በሙሉ ከቀለበቱ ሥር አከማቸ፤ ከሩቅ ብዙ የማይወረውሩትን ጭራሽ ተዋቸው። ክላርክ ሬቨን ጆንሰንን መስመሩ ላይ ትታት በእጇ "ወርውሪ" የምትል ይመስል ያሳየችው ምልክት በሰፊው የተሠራጨው ለዚህ ነው። ሳውዝ ካሮላይና ሪባውንድ (ተወርውሮ ሳይገባ የተመለሰን ኳስ) በሰፊ ልዩነት ወስዶ ነበር፤ ግን ከሦስት ነጥብ መስመር 20 ወርውሮ ያገባው 4 ነው። ቦስተንም በፋውል ምክንያት የመጀመሪያውን አጋማሽ ብዙውን ተቀምጣ 8 ነጥብ ብቻ ይዛ ወጣች። በቁመት የበለጠ ቡድን በጠባብ ቦታ ታፍኖ ተሸነፈ ማለት ነው።

በቀጣዩ ዓመት የተደረገው፣ ያ የመከላከል ስልት ዋጋ እንዲያስከፍል ማድረግ ነው። ፓኦፓኦ ከሩቅ ከምትወረውረው ከመቶ 46 በላይ ታገባ ነበር። እሷን ትተህ ካርዶሶ ላይ ብትረባረብ ሦስት ነጥብ ይቆጠርብሃል፤ እሷን ብትከተል ካርዶሶ ከአንዲት ተከላካይ ጋር ብቻዋን ትቀራለች። ሆልና ቴሳ ጆንሰንም ይወረውራሉ። ሬቨን ጆንሰንም ውርወራዋን ሠርታበት መጣች። ከኢንዲያና ቡድን ጋር በተደረገው ጨዋታ፣ ልዩነቱ 2 ነጥብ ሲደርስ፣ በመጨረሻው ደቂቃ ባለ ሦስት ነጥቧን ያገባችው ያቺው በ2023 ክፍት የተተወችው ልጅ ናት። እኔ የዚያን ዓመት ዋናው ውርወራ ይሄ ነው እላለሁ።

በትምህርት ቤት ደረጃ ፓኦፓኦን የመሰለች ወርዋሪ ላትኖር ትችላለች። ተከላካዩዋ ትታት ከቀለበቱ ሥር ከቆመችባት ልጅ ጋር ግን ያለ ምንም ግዢ የሚሠሩ ነገሮች አሉ፦

የተተወችው ልጅ ጥግ ላይ አትቁም። እዚያ ከቆመች የተዋትን ተከላካይ ሥራ ታቀልላታለች። ይልቅ ለጥሩ ወርዋሪዋ ስክሪን እንድትሠራ፣ ማለትም ቆማ የተከላካዩዋን መንገድ እንድትዘጋላት፣ አድርጓት። የእሷ ተከላካይ ከቀለበቱ ሥር ስለሆነች ከስክሪኑ ዞራ የምትወጣዋን ወርዋሪ ወጥታ የሚያቋርጣት አይኖርም። ይህ ብቻውን በየጨዋታው ጥቂት ንጹሕ ውርወራ ያስገኛል።

ኳስ ይዛ ወደ ወርዋሪዋ ድሪብል አድርጋ በእጅ ማቀበልም ያው ጥቅም አለው። ስሕተት የሚሆነው ከተቀበለችው ልጅ ጋር ትከሻ ለትከሻ ሳይነካኩ ሲቀር ነው፤ በመካከላቸው ክፍተት ካለ ተከላካዩዋ ሾልካ ታልፋለች።

ሦስተኛው ፍጥነት ነው። ከቀለበቱ ሥር መከማቸት የሚቻለው ተከላካዮች ተመልሰው ከቆሙ በኋላ ነው። ሪባውንድ እንደተያዘ የመጀመሪያዋ ቅብብል ወደ ጎን መስመር ትሂድ፤ መሐል ላይ ድሪብል አይጀመር።

የመጨረሻው ከልብ የሚጠይቅ ነው፦ ክፍት የሆነችው ልጅ ኳሱን እንደያዘች ወዲያው ትወርውር። የምታመነታ ልጅ ሁለት ጊዜ ትጎዳለች፤ ውርወራውም ይበላሻል፣ የ30 ሰከንዱ የማጥቂያ ሰዓትም ይሮጣል። በፊባ (በዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን) ሕግ የሚጫወት ቡድን ያለው 24 ሰከንድ ብቻ ስለሆነ ማመንታቱ የበለጠ ያስከፍለዋል።


ጉለሌ_ጋርድ

እጅግ አመሰግናለሁ። ስክሪን የምትሠራዋን የተተወችውን ልጅ ማድረግ የሚለውን በፍጹም አላሰብኩትም ነበር። ሁለተኛው ጥያቄስ? አሥር ልጅ ስናፈራርቅ የሚገጥመው ችግር፣ ተቀያሪዎቹ ሲገቡ ማን ማንን እንደሚይዝ መጥፋቱና በሁለት ደቂቃ 8 ነጥብ መቆጠሩ ነው።


ሁለተኛው_አምስት

አምስቱን በአንድ ጊዜ ስለምትቀይሩ ነው የሚሆን።

አምስት ለአምስት መቀየርን በትልቅ ደረጃ የሞከረው የወንዶቹ ኬንታኪ ነው፣ በ2014-15፣ በአሰልጣኝ ጆን ካሊፓሪ ጊዜ። አሥር የሚያህሉ ትልልቅ ተጫዋቾች ስለነበሯቸው ሁለት ሙሉ አምስት ሠርተው ያፈራርቁ ነበር። አሌክስ ፖይትረስ ታኅሣሥ ላይ ጉልበቱን ሲጎዳ ግን ያንን ስልት ቀስ በቀስ ትተው ወደ ተራ መቀያየር ገቡ። እነሱም 38 ለ 0 ደርሰው ነበር፤ ግማሽ ፍጻሜው ላይ ዊስኮንሲን 71 ለ 64 አሸነፋቸው። በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች 60 ለ 56 እየመሩ ሳለ ማጥቃታቸው ደርቆ የማጥቂያው ሰዓት ደጋግሞ አለቀባቸው። ብዛት ያለው ቡድን በመጨረሻው አምስት ደቂቃ ኳሱን ለማን እንደሚሰጥ አስቀድሞ ካልወሰነ ብዛቱ አያድነውም።

ሳውዝ ካሮላይና ሁለት ሦስት ሆኖ ነበር የሚቀይረው። አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። የጨዋታው 40 ደቂቃ በአምስት ሲባዛ 200 የተጫዋች ደቂቃ ነው። በዘጠኝ ልጅ ብትጫወት፣ ለአምስቱ 25 ደቂቃ ብትሰጥ 125 ይሆናል፤ የቀረው 75 ለአራቱ ሲካፈል ለእያንዳንዷ 19 ደቂቃ ገደማ ይደርሳል። በአሥር ልጅ ከሆነ 24 ለቋሚዎቹ፣ 16 ለተቀያሪዎቹ፤ ልክ 200። በወረቀት ጽፈህ ከጨዋታው በፊት ለልጆቹ አሳያቸው። መቼ እንደምትገባ የምታውቅ ልጅ መቀመጫ ላይ ሆናም ታሟሙቃለች።

እኔ የምመክረው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ በመጀመሪያው ሩብ 5 ደቂቃ ሲቀር ሁለት ልጅ ቀይር፤ 2 ደቂቃ ተኩል ሲቀር አንዲት ጨምር። ሁለተኛውን ሩብ ሦስት ተቀያሪና ሁለት ቋሚ ሆነው ይጀምሩ፤ ከሁለቱ ቋሚዎች አንዷ ኳስ አምጪዋ ወይም ረጅሟ ትሁን። 6 ደቂቃ ሲቀር የወጡት አንድ በአንድ ይመለሱ። በማንኛውም ደቂቃ ሜዳ ላይ ቢያንስ አንዲት ኳስ የምታመጣ፣ አንዲት ሪባውንድ የምትሰበስብና አንዲት ከሩቅ የምትወረውር ልጅ መኖሯን ቁጠር። ከሦስቱ አንዷ ከጎደለች ቅያሬው ስሕተት ነው።

ስለ "ማን ማንን ይይዛል"፦ የምትገባዋ ልጅ ወደ ሜዳው ስትሄድ የምትወጣዋ የምትይዛትን ተጫዋች የመለያ ቁጥር ጮክ ብላ ትንገራት። "12ን ያዣት፣ ግራኝ ናት" ይበቃል። ይህን በልምምድ ካላስለመድካቸው በጨዋታ አያደርጉትም።

ሌላው ስለ ፋውል ነው። በኮሌጁ የሴቶች ሕግም በፊባም ግጥሚያው አራት ባለ 10 ደቂቃ ሩብ ነው፤ ከአምስተኛው የቡድን ፋውል ጀምሮ ሁለት ነጻ ውርወራ ይሰጣል፤ አንዲት ልጅም በ5 ፋውል ትወጣለች። ስለዚህ ከሳውዝ ካሮላይና ያየኸውን በቀጥታ መቅዳት ትችላለህ። የወንዶቹ ኮሌጅ ግን ሁለት ባለ 20 ደቂቃ አጋማሽ ስለሆነ የፋውሉ ስሌት ለየት ይላል፤ ከዚያ አትቅዳ። ሁለት ረጃጅም ልጆች ካሉህ በመጀመሪያው አጋማሽ ሁለት ፋውል ያገኘችውን አስቀምጣት፤ ሁለተኛዋ ያለ ፍርሃት ትከላከል። በ2023 ቦስተን ስትቀመጥ የተጎዳው ቡድን በ2024 ከካርዶሶ ጀርባ ዋትኪንስንና ፊጊንን ይዞ ነበር። የካቲት ላይ ካርዶሶ ለብራዚል ብሔራዊ ቡድን ሄዳ በሌለችበት እንኳ የኮነቲከት ዩኒቨርሲቲን (ዩኮንን) 83 ለ 65 አሸንፈዋል።


ቀለበት_ሥር

ከላይ ያሉት መልሶች ጥሩ ናቸው፤ ግን የሩቁ ውርወራ ከልክ በላይ ተወደሰ ባይ ነኝ። ፍጻሜውን ያሸነፈው ሪባውንድና መቀመጫው ነው።

አይዋ 10 ለ 0 ጀመረ። ክላርክ በመጀመሪያው ሩብ ብቻ 18 ነጥብ አስቆጥራ ሩቡ 27 ለ 20 አለቀ። በቀሩት ሦስት ሩቦች ግን 12 ብቻ ጨመረች። ሬቨን ጆንሰንና ብሪ ሆል እየተፈራረቁ፣ ከመሐል ሜዳ ጀምረው ነበር የሚጠብቋት። በአራተኛው ሩብ አይዋ 80 ለ 75 ድረስ ቀርቦ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በቀሩት አራት ደቂቃ አንድም ነጥብ አላገባም። እግሩ የደከመ ቡድን ውርወራው አጭር ይሆናል፤ የሆነውም እሱ ነው። የሪባውንዱ ልዩነት 51 ለ 29። ከመቀመጫ የተነሡ ተጫዋቾች ያስቆጠሩት ነጥብ 37 ለ 0። የቡድኑ ከፍተኛ አስቆጣሪም ከመቀመጫ የተነሣችው የመጀመሪያ ዓመቷ ቴሳ ጆንሰን ናት፣ በ19 ነጥብ። ካርዶሶ 15 ነጥብና 17 ሪባውንድ ይዛ የውድድሩ ኮከብ ተባለች።

ለሪባውንድ የሚሆን አሠራር፦ በማጥቃት ጊዜ ሦስት ልጅ ወደ ቀለበቱ፣ አንዲት የነጻ ውርወራ መስመሩ አካባቢ፣ አንዲት ወደ ኋላ። አራተኛ ልጅ ከላክህ ፈጣን ቡድን በመልሶ ማጥቃት ይቀጣሃል። ከጥግ የተወረወረ ኳስ ሲሳት ብዙውን ጊዜ በተቃራኒው ጎን ነው የሚወድቀው፤ ስለዚህ በዚያ በኩል ያለችው ልጅ ውርወራው ከእጅ ሲወጣ መንቀሳቀስ መጀመር አለባት። ቀለበቱን ነክቶ እስኪመለስ የጠበቀች ዘግይታለች።


ሰሌዳ_አንባቢ

@ቀለበት_ሥር በመቀመጫው እስማማለሁ፤ በሪባውንዱ ግን አልስማማም። በ2023ም እኮ ሪባውንዱን በሰፊው አሸንፈው ነው የተሸነፉት። የተለወጠውን ለማወቅ በሁለቱም ዓመት የነበረውን ነገር መቀነስ አለብህ፤ ያንን ስትቀንስ የሚቀረው ውርወራውና ክላርክን የሚይዟት ልጆች ናቸው።

ደግሞ 38 ለ 0 ሲባል ሁሉም በቀላሉ ያለቀ እንዳይመስለን። ኖርዝ ካሮላይና ሜዳ ላይ 65 ለ 58 ተፋልመው ነው የወጡት። ኢንዲያና ላይ 22 ነጥብ ይመሩ የነበሩት ልጆች በ79 ለ 75 ጨረሱ። በሊጉ ግማሽ ፍጻሜ ቴነሲ ላይ ከ20 ነጥብ በላይ መርተው ከመጨረሻዋ ሰከንድ በፊት 73 ለ 71 ይመሩ የነበሩት ተጋጣሚዎቻቸው ናቸው። ካርዶሶ በኮሌጅ ዘመኗ ሙሉ አግብታው የማታውቀውን ባለ ሦስት ነጥብ በሰሌዳው አስነክታ አግብታ 74 ለ 73 አተረፈቻቸው።

የኢንዲያናውና የቴነሲው ጨዋታ ችግር አንድ ነው፦ መሪነቱ ሲሰፋ ማጥቃቱ መቀዝቀዝ። ኳሱን ለማቆየት ሲሉ ድሪብል ይበዛል፣ ተከላካዮች ወጥተው ይጫናሉ፣ የተነጠቀው ኳስ በቀጥታ ነጥብ ይሆናል። መፍትሔው ሰዓት መግደል ቢያስፈልግም ከማጥቂያው ሰዓት 12 ሰከንድ ገደማ ሲቀር የተለመደውን ስክሪን መጀመር ነው፤ 5 ሰከንድ እስኪቀር ከተጠበቀ የሚገኘው መጥፎ ውርወራ ብቻ ነው። የመጨረሻውን ሰከንድም በልምምድ ሥሩት፦ በኮሌጁ ሕግ ሰዓቱ ላይ 0.3 ሰከንድ ወይም ከዚያ በታች፣ በፊባ ደግሞ 0.2 ወይም ከዚያ በታች ካለ ይዞ መወርወር አይፈቀድም፣ በጣት መንካት ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ መያዝና መወርወር ይቻላል። ለካርዶሶ 1.1 ሰከንድ በቅቷታል።


ሁለተኛው_አምስት

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለትምህርት ቤት ቡድን ይጠቅማልና። በሊጉ ፍጻሜ ከሉዊዚያና ስቴት (ኤልኤስዩ) ጋር ግርግር ተነሥቶ ካርዶሶ ተባረረች፤ በቅጣቱም የብሔራዊውን ውድድር የመጀመሪያ ጨዋታ አልተጫወተችም። ፕሬስቢቴሪያንን ያለ እሷ 91 ለ 39 አሸነፉ እንጂ ተጋጣሚው ጠንካራ ቢሆን ዓመቱ እዚያ ሊያበቃ ይችል ነበር። በዚያ ግርግር ከመቀመጫቸው ተነሥተው ሜዳ የገቡ ልጆችም ከሁለቱም ቡድን ተባረዋል፤ እጃቸውን ባያነሡም እንኳ። በፊባም መቀመጫውን ለቆ መግባት ያስባርራል። በብዙ ተቀያሪ የሚመካ ቡድን በአንድ ቅጽበት ሙሉ መቀመጫውን ሊያጣ ይችላል። ምክትል አሰልጣኙ ከመቀመጫው ፊት ቆሞ እጁን እንዲዘረጋ፣ ልጆቹም እንዲቀመጡ፣ ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት በግልጽ ይነገር።

@ጉለሌ_ጋርድ፣ ከ12ቱ ልጆች ስንቶቹ ኳስ አምጪ፣ ስንቶቹ ረጃጅም እንደሆኑ ብትጽፍልን የየሩቡን ቅያሬ በደቂቃ ከፋፍለን ልንሠራልህ እንችላለን።


ጉለሌ_ጋርድ

ሦስት ኳስ አምጪ፣ አራት ረጃጅም፣ አምስት ደግሞ የጎን ተጫዋቾች ናቸው፤ ከአምስቱ ከሩቅ በደንብ የሚወረውሩት ሁለት ናቸው። በፊባ ሕግ ነው የምንጫወተው።


ሁለተኛው_አምስት

እንግዲያው ሁለቱን ወርዋሪዎች አብረህ አታስጀምር። አንዷ ከቋሚዎቹ ጋር ትጀምር፣ ሌላዋ 5 ደቂቃ ሲቀር በሌላ የጎን ተጫዋች ምትክ ትግባ፤ ለሁለት ደቂቃ ተኩል አብረው ይቆያሉ፣ ከዚያ የመጀመሪያዋ ትውጣ። እንዲህ ከሆነ 40ውን ደቂቃ ሙሉ አንዲት ወርዋሪ ሜዳ ላይ አለች። ከረጃጅሞቹ ሁለቱን አስጀምር፣ ሦስተኛዋ ከመጀመሪያው ሩብ አጋማሽ ጀምራ ትቀያይራቸው፣ አራተኛዋን ለፋውል ችግር ያዛት። ሦስተኛዋ ኳስ አምጪ ደግሞ በተጋጣሚው ምርጥ ጋርድ ላይ በየሩቡ ሦስት ደቂቃ ብቻ፣ ከመሐል ሜዳ ጀምራ ትጫን፤ ሥራዋ እሱ ብቻ ይሁን። በፊባ እረፍት ሰዓት መጠየቅ የሚችለው ዋና አሰልጣኙ ወይም የመጀመሪያ ምክትሉ ብቻ ነው፤ በመጀመሪያው አጋማሽ ሁለት፣ በሁለተኛው ሦስት አለህ። ተቀያሪዎቹ በገቡ በሁለት ደቂቃ ውስጥ 6 ነጥብ ከተቆጠረባችሁ አንዷን ወዲያው ተጠቀምባት፤ ለሌላ ጊዜ አታስቀምጣት።